ሃያ አምስት መቶ ከሃያ አንድ

ከሰው ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ከበቅሎም ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ፤ ያሸነፈችኝ እሷ ናት፣ ምልክቱም እስካሁን ጉልበቴ ላይ አለ። ከቁጥር ጋር እጣላለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ቁጥር ምን ያደርጋል? አይናከስ፣ አይራገጥ፣ ሰው አያማ። እንዲህ ብዬ የማምን የዋህ ሰው ነበርኩ። ታሪኩን ስነግራችሁ አትሳቁ አልልም፤ ሳቁ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያኔ ግን እንኳን ሳቅ እህልም ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ጊዜው ባቡር አዳማን ከተማ ማድረግ የጀመረበት ዘመን ነው። ከአርሲ የሚወርደው እህልና ቆዳ በበቅሎ ተጭኖ ጣቢያው ይደርሳል፣ እኔ እመዝነዋለሁ፣ ባቡሩ ይወስደዋል። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ሚዛን ቤት። ትልቅ ሹመት እንዳይመስላችሁ። ክብደቱን የሚያውቀው ሚዛኑ ነው፣ የኔ ድርሻ ጮክ ብሎ መናገር ብቻ ነው። ቢሆንም መደመር፣ መቀነስና ማካፈል ስለማውቅ ራሴን ከሊቃውንት ተርታ እቆጥር ነበር። ለሊቅነቴ የሚመጥን ነጭ ኮትም ነበረኝ። የአዳማን ነፋስና አዋራ የሚያውቅ ሰው ነጭ ኮት አይገዛም። እኔ ገዛሁ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ በሚደርስብኝ ነገር ብዙ የምታዝኑልኝ አይመስለኝም።

አስካለን ያወቅኋት እዚያው ሚዛን ቤት ነው። አባቷ ባሻ ወልዴ በቅሎ አከራይ ናቸው፤ አብዛኛው የአርሲ እህል በእሳቸው በቅሎዎች ጀርባ ነው የሚመጣው። ሚስታቸው በኅዳር በሽታ ጊዜ ስለሞተችባቸው ቤቱንም ጭነቱንም አብራቸው የምታየው ይህችው አንዲት ልጃቸው ናት። አንድ ቀን ጭነት ይዘው መጡና እኔ የተናገርኩትን ክብደት ሰምታ ወደ ታች አየች።

«እስቲ እግርህን ከሚዛኑ ላይ አንሣ» አለችኝ።

እግሬ እውነትም ሚዛኑ ላይ ነበር። በተንኮል አይደለም፤ እሷን ሳይ የት እንደቆምኩ ጠፍቶኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሜን ትታ «ሚዛን» ትለኝ ጀመር። «እንዴት ዋልክ ሚዛን?» ያለችኝ ዕለት ጆንያው ሁሉ ሲቀለኝ ይውላል። ያላለችኝ ዕለት ደግሞ የጤፍ ጆንያ ድንጋይ የተሞላ ይመስለኛል።

ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አሳምረው የሚናገሩ፣ በአዳማ ዙሪያ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የሌለ ሰው። ባሻ ወልዴ ደህና አድርገው ተቀበሏቸው። «ልጁን አውቀዋለሁ፤ ትንሽ ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል እንጂ ክፉ አይደለም» አሉ አሉ። ከአማት ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይጠበቅም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ኮከባችን መቆጠር ነበረበት።

ኮከብ ሲቆጠር አይታችሁ የማታውቁ እንደሆነ አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የወንዱ ስም፣ የእናቱ ስም፣ የሴቲቱ ስም፣ የእናቷ ስም፣ ፊደል በፊደል ይደመራል። ከዚያ ድምሩ ይገደፋል፤ ማለትም ዘጠኝ ዘጠኝ እየተደረገ ይወጣና መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ቁጥር የሁለቱን ዕጣ ይናገራል። ሁለት ከተረፈ አብሮ መኖር ነው፣ አምስት ከተረፈ ልጅ ነው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

የኛን የቆጠሩት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ በአዳማ ያለ እሳቸው ቃል የሚዳር የለም። በሸምበቆ ብዕራቸው እየጻፉ ደመሩ፣ ደመሩ፣ ሃያ አምስት መቶ ከሃያ አንድ ወጣ። በዘጠኝ ገደፉት። አንድ ተረፈ።

መሪጌታ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሊቅ ብዕሩን ሲያስቀምጥ ደግ አይደለም።

«አንድ ምንድን ነው?» አሉ ባሻ ወልዴ።

«አንዱ ቀድሞ ይሄዳል፣ አንዱ ብቻውን ይቀራል ነው።»

የባሻ ወልዴ ፊት ዐመድ መሰለ። «ልጄን ለእንባ አልድራትም» ብለው ብድግ አሉና ወደ በቅሎዎቻቸው ወጡ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ ሲነግሩኝ ዐይን ዐይኔን ማየት አልቻሉም። የባሰውም ኋላ መጣ። በቆቃ በኩል ከብት የሚያረባ አንድ የሞጆ ሰው አስካለን ሲያስጠይቅ ከርሞ ኖሯል። የሱ ስም ከእሷ ጋር ተደምሮ ሲገደፍ ሁለት ይተርፋል ተባለ። ባሻ ወልዴም እስከ ቅበላ ድረስ የኔ ነገር ካልተቃና ለሞጆው እሰጣለሁ አሉ። ጥር ተጋምሷል፣ ሠርጉ ሁሉ ከጾሙ በፊት ነው፣ እኔ እጄን በአፌ ጭኜ ቀረሁ።

ከመሪጌታ ጥበቡ የሚበልጥ ሊቅ ወለንጪቲ አለ ሲሉኝ አንድ ቀን አላደርኩም። በጭነት ባቡር፣ ከቆዳ እስር መካከል ተቀምጬ ሄድኩ። ነጩን ኮቴን ለብሼ ነበር። እዚያ ስደርስ ሊቁ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ተቀበሉኝ፤ ያም ሆኖ ጨዋ ሰው ነበሩና አላባረሩኝም።

«በዘጠኝ ነው የገደፉት?» አሉ። «ዘጠኝማ ለሕመምተኛ ነው። ጋብቻ በአሥራ ሁለት ነው የሚገደፍ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። በአሥራ ሁለት ገደፉት። አንድ ተረፈ።

«ቆይ» አሉ። በሰባት ገደፉ፤ አንድ። በስምንት፤ አንድ። በአሥር፣ በስድስት፣ በአምስት፣ በሦስት፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። መጀመሪያ ሲያዝኑልኝ የነበሩት ሰውዬ እየቆዩ ሲሄዱ ጭራሽ ረሱኝ። ዐይናቸው በራ፣ ነጠላቸውም ከአፍንጫቸው ላይ ወረደ። «እንዲህ ያለ ቁጥር በዕድሜዬ አላየሁም» ይላሉ፣ ሰው የወዳጁን ፈረስ እንደሚያደንቅ። እኔ እዚያ እየተቃጠልኩ እሳቸው ቁጥሩን ያወድሱታል። በመጨረሻ ቀና ብለው አዩኝና መቀመጫቸውን ከኔ ሸሸት አደረጉ።

«ልጄ፣ ያንተ ነገር በጸሎት እንጂ በሒሳብ የሚሆን አይደለም» አሉኝ።

አዳማ ስመለስ በቀጥታ የሄድኩት ወዳጄ ሰይድ ሱቅ ነው። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ስኳር፣ ጨውና ጥራጥሬ ይሸጣል፣ ምክር ደግሞ በነጻ ይሰጣል። የምክሩ ጥራት እንደ ስኳሩ አይደለም፤ ይህን ግን ያኔ አላጤንኩትም።

«የኛዎቹ በአራት ነው የሚገድፉት» አለኝ።

ተናግሮ ሳይጨርስ በጣቴ አስልቼዋለሁ። አንድ።

«እንግዲያ የተሳሳተው ብዕሩ ነው» አለ ሰይድ። «ብዕር ይሳሳታል። ሽምብራ ግን አይሳሳትም። ቁጠርና በእጅህ መድበው።»

ዕውር ብሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ምክሩ ብርሃን ሆኖ ታየኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጓሮ ሰሌን አንጥፈን ሃያ አምስት መቶ ከሃያ አንድ ሽምብራ ለመቁጠር ተቀመጥን። ይህን ሥራ ለጠላቴም አልመኘውም። መካከል ላይ ደንበኛ ብቅ ይልና «ሰይድ፣ ጨው አለህ?» ሲለው ሰይድ ቀና ሳይል «ስምንት መቶ አሥራ አራት» ይለዋል። ሰውዬው የጨው ዋጋ መስሎት እየተራገመ ይሄዳል። እኔ ነፋሱ አዋራ እንዳይጨምርብን በኮቴ ጋርጄ እንበረከካለሁ። አላፊ አግዳሚው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ምን እየሠራችሁ ነው?» ይላል።

«ላገባ ነው» እላለሁ።

ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። በዚያ ሳምንት አዳማ ውስጥ ለጤናዬ ያልጸለየልኝ ሰው አልነበረም።

ቆጥረን ስንጨርስ ምላሳችን ደርቆ ነበርና ሻይ ልንጠጣ ገባ አልን። ተመልሰን በሰባት ሰባት መደብነው። ምንም አልተረፈም። በዘጠኝ መደብነው፤ ልክ። በስምንት፤ ልክ። በአሥርም በአሥራ ሁለትም፤ ልክ፣ ልክ። ሰይድን አቅፌ ከመሬት አነሣሁት፤ ሰይድ ቀላል ሰው አይደለም።

ወደ መሪጌታ ጥበቡ ቤት በሩጫ ሄድኩ፣ ሰይድም ሽምብራውን በከረጢት ተሸክሞ ከኋላዬ። መሪጌታ በርጋታ ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሽምብራው ስንት ነው?»

«ሃያ አምስት መቶ ከሃያ አንድ ነዋ።»

«እስቲ ፊቴ ቁጠረው።»

ደግመን ቆጠርነው። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ሃያ አምስት መቶ ከሃያ ሆኖ ተገኘ፤ አንዲቱ የለችም። ያኔ ሰይድ ግንባሩን መታ።

«ዶሮዋ ናት» አለ። ሻይ ስንጠጣ ከጓሮ የዶሮ መታነቅ ሰምቶ «ምን ነካት ደግሞ» ብሎ ነበር። አንዲት ሽምብራ ዋጠች፣ ጉሮሮዋን ያዛት፣ ሁለተኛ አልደገመችም።

እስቲ አስቡት እናንተ። ከዚያ ሁሉ ሽምብራ አንዲት ብቻ ብትጎድል ለሁለትም ለሦስትም ለሰባትም ለዘጠኝም ለአሥርም እኩል የሚካፈል፣ ማንንም የማያስቀይም ደግ ቁጥር ነበር። አንዲት ሲጨመርበት ደግሞ በምንም ብትሄድበት እምቢ የሚል ግትር ይሆናል። የኔ ዕድል ከግትሩ ላይ ወደቀ።

«መሪጌታ፣ እንግዲያ እንደ ዶሮዋ እንቁጠረው» አልኳቸው። «አንድ ብንቀንስለት ምን ይለናል?»

«ምንም ካልተረፈማ» አሉ መሪጌታ፣ የአዘኔታ ድምፅ አውጥተው፣ «ሁለታችሁም አትተርፉም።»

አንድ ሲተርፍ ክፉ፣ ምንም ሳይተርፍ የባሰ ክፉ። እኔ የሚያስፈልገኝ ሁለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው አልነበርኩም። ጆንያ ስመዝን በልቤ አካፍላለሁ፣ ምሳ ስበላ አካፍላለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳይቀር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አካፍላለሁ። አንድ ቀን ነጋዴ ቆዳውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ስንት ነው ቢለኝ «አንድ ተረፈ» ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው አንዱ ከእስሩ የወጣ መስሎት ቆዳውን ብድግ አድርጎ እንደገና ማሰር ጀመረ። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ነው አንድ ማለዳ ማንም ያልሞከረውን አሥራ አንድን የሞከርኩት።

ሁለት ተረፈ።

ደግሜ ሠራሁት። ሁለት። አሥራ አንድ ከዚያ ሁሉ ቁጥር መካከል ተነሥቶ ያዘነልኝ መሰለኝ። እጄ ከተፍታታ አይቀር ብዬ በአሥራ ሰባት ብሞክረው አምስት ተረፈ፤ እኔና አስካለ ከሦስት ልጆች ጋር። በአሥራ ሦስት ሲሆን ግን አሥራ ሁለት ተረፈና ይሄን ሁሉ በምን አበላዋለሁ ብዬ ደንግጬ ተውኩት። አሥራ አንድን የሙጥኝ አልኩ።

ያን ቀን አስካለ ጭነት ይዛ መጣች። ሳላርፍ ነገርኳት፤ የወለንጪቲውን ሊቅ፣ ሽምብራውን፣ ዶሮዋን፣ አሥራ አንድን፣ የአሥራ ሰባቱን ሦስት ልጆች። የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አንተ ሚዛን» አለችኝ፣ «የምታገባው ቁጥሩን ነው ወይስ እኔን?»

«አባትሽ እኮ ቁጥሩን ስለፈሩ ነው።»

«አባዬ የፈሩት ቁጥሩን መሰለህ?» አለችኝና በቅሎዋን ነዳች። ዐይኗ እንባ አቅሮ ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔ በአሥራ አንድ ሰክሬ ነበር።

ቅበላ ሲቃረብ ኦቦ ቱፋን ለምኜ፣ ለምኜ፣ ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ባሻ ወልዴ ቤት ገቡ። መሪጌታ ጥበቡም ተጠርተዋል። እንደ ደንቡ እኔ ከደጅ መቅረት ነበረብኝ፤ ሒሳቡን የሚያስረዳ ሌላ ሰው ስለጠፋ ግን ኦቦ ቱፋ አስገቡኝና በሩ ሥር ቆምኩ። አስካለ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳ ናት።

«አካም ጂርቱ፣ እንዴት ናችሁ ባሻ» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ልጁ አንድ ነገር አግኝቻለሁ ይላል። ስሙትና ገላግሉን፤ ካልሰማችሁት እኔም እንቅልፍ የለኝ።»

ጉሮሮዬን ጠራርጌ በአሥራ አንድ ሲገደፍ ሁለት እንደሚተርፍ አስረዳሁ። የሞጆው ሰው መልእክተኞች በማግስቱ እንደሚመጡ አውቃለሁ።

«በአሥራ አንድ ገድፍ የሚል መጽሐፍ የት አለ?» አሉ መሪጌታ።

ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። «ሐዋርያት ስንት ናቸው? አሥራ ሁለት። ይሁዳ ሲወጣላቸውስ? አሥራ አንድ። እንግዲህ ከዳተኛውን አውጥተን በታማኞቹ ብንገድፍ ምን ነውር አለው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ቱፋ ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። መሪጌታ ግን አልቸኮሉም።

«ማትያስስ?» አሉ። «በይሁዳ ምትክ ማትያስ ገብቶ መልሰው አሥራ ሁለት አልሆኑም?»

ማትያስን ረስቼው ነበር። አሥራ ሁለት ከሆነ ደግሞ አንድ ይተርፋል። ያን ቅዱስ ሰው በዚያች ሰዓት ተቀየምኩት፤ ኋላ ንስሐ ገብቼበታለሁ።

ባሻ ወልዴ እጃቸውን አነሡ።

«ይበቃል» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ልጁን ጠልቼው አይደለም። እኔ ግን የቀረሁት ነኝ። መቅረት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ራት ሲቀርብ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ መደብ አያለሁ። በቅሎ ስትታመምብኝ የምነግረው ሰው የለኝም፤ ያው ለበቅሎዋ ለራሷ እነግራታለሁ። አንድ ይቀራል ሲሉኝ ያ የሚቀረው አስካለ ብትሆንስ ብዬ ነው።»

አስካለ ሚዛን ቤት ያለችኝ ያኔ ገባኝ፤ ሰውዬው አንድን በወረቀት ላይ አይደለም የሚያውቁት፣ እየኖሩት ነው። ከዚያ ሁሉ ሽምብራ ይልቅ አንድ ቀን አጥራቸው ሥር አብሬያቸው ቡና ጠጥቼ እንዴት ሰነበቱ ብላቸው ኖሮ ይሻል ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ የአስካለ ድምፅ መጣ።

«አባዬ» አለች። «አንዱ ይቀራል ብለው ያኔ ነግረውዎት ቢሆን፣ እማዬን ሳያገቧት ይቀሩ ነበር?»

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ከጓዳ ሆና በሽማግሌ መካከል መናገሯ ነውር ነው። ማንም ግን አልገሠጻትም። ባሻ ወልዴ ወደ መጋረጃው ዞረው ቀሩ። ጋቢያቸውን ሳቡ፣ መልሰው ለቀቁት፣ ደግመው ሳቡት። ከውጭ በቅሎዎቹ ሲያላምጡ ይሰማል። እንባቸው ጺማቸው ላይ ሲወርድ ሳይ እኔም የራሴን ጠረግሁ፤ በነጩ ኮት ነው የጠረግሁት፣ ፊቴ ላይ ምን እንደሣለብኝ አላውቅም።

«አገባት ነበር» አሉ። «አብረን ከኖርነውም ያነሰ ዕድሜ ነው የምትኖሩት ቢሉኝ አገባት ነበር።»

ለኔ ለደነዙ ሒሳቡ የተፈታልኝ ያኔ ነው። የሞጆውም ሰው ቢሆን፣ ንጉሥም ቢሆን፣ በዘጠኝም በአሥራ ሁለትም ቢገደፍ፣ ባልና ሚስት መጨረሻቸው ላይ አንድ ነው የሚተርፋቸው። የኛ ቁጥር ይህንን ሳይደብቅ መናገሩ ብቻ ነው ጥፋቱ። መሪጌታ ጥበቡ ብዕራቸውን ጠርገው ወደ ሰገባው መለሱ።

«ና ወዲህ» አሉኝ ባሻ ወልዴ።

ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ፤ በቅሎ ሲገዙ እንደሚያዩ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ተጋቡ» አሉ። «ብቻ አደራችሁን፣ ማናችሁም ለመቅደም እንዳትቸኩሉ።»

ከጓዳ የለቅሶም የሳቅም ያልሆነ ድምፅ ተሰማ። በቅበላው ሳምንት ተጋባን።

ባሻ ወልዴ አሁን በሕይወት የሉም፤ የኛም ፀጉር ሸብቷል። አደራቸውን ግን አጥብቀን ይዘናል። ሰው ቤት ተጠርተን ስንሄድ እንኳ በሩ ላይ እንደርስና እኔ አልቀድምም፣ እሷም አልቀድምም፤ ባለቤቶቹ «ግቡ እንጂ» እያሉ እኛ ደጃፉ ላይ ተያይዘን እንቆማለን።